የደከመ ሰው ላይ አትቆልፊ

ይድረስ ለእህቴ፣ ለእናቴ መቋጫ፤

እንዴት ነሽ? በጣም እንዴት ነሽ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ክፍል ውስጥ መምህሩን አፍ ታስይዢዋለሽ? ምግብስ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለይምሰል ትነካኪያለሽ? የአክስታችን ጉልበት እንዴት አደረጋት? እኛ ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፤ ባለቤቴም ደህና ናት፣ ተቆጥታኛለች እንጂ። እኔም ደህና ማለት ቆሞ መሄድ ከሆነ ደህና ነኝ።

ይሄን ነገር በስልክ ጀምሬልሽ ነበር። "እሺ፣ እሺ ጋሼ" ብለሽ ዘጋሽብኝ። ከዚያ ለእናታችን ደውለሽ "ጋሼ ሳይማር ስለቀረ በተማረ ሁሉ ይበሳጫል" አልሻት አሉ። አዎ እበሳጫለሁ! ከትምህርት ቤት የወጣሁት ሰንፌ ነው እንዴ? ማን እንዲገባ ብዬ እንደወጣሁ አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔ ማንበብ የለመድኩት ከአሮጌ ጋዜጣና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ ነገሬ ቀጥ ያለ ነው። ደብዳቤውን ለአውቶቡሱ ሹፌር የሰጠሁት ስልክ ስለሚዘጋ ነው። ወረቀት አይዘጋም።

ምን ነበር ያልሽኝ? "ለትምህርት መዝጊያው ድግስ አትስጋ፤ እኛ ልጆቹ ተማምለናል። አንዷ ሳትጠጣ ቁልፍ ትይዛለች፤ የደከመችውን ጓዳ አስተኝታ ትቆልፍባታለች፤ ወንድ አይደርስባትም። ዘንድሮ ዕጣው ለእኔ ወጣ።" ኩራት ኩራት እያለሽ። እኔ ግን እዚያው ቁልፍ መቅረጫ ሱቄ ደጃፍ ላይ የያዝኩትን ሞረድ አስቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

ከሱቄ ጀርባ ተማሪዎች ተጋርተው የተከራዩት ቤት አለ። አንድ ቅዳሜ ሲጨፍሩ አድረው፣ እሁድ ረፋድ ላይ የወንድ ጃኬት የደረበች ልጅ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ መጣች። "ጋሽዬ፣ ቁልፍ ጠፍቶብን ነው። ጓደኛችን ውስጥ ተኝታለች" አለችኝ። "ምነው፣ ቁልፉም አብሯት ጠጣ እንዴ?" አልኳት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። እስከ ዛሬ ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

መሣሪያዬን ይዤ ተከተልኳት። ኮሪደሩ የጠርሙስ ስባሪ ነው። ደረጃው ላይ አንዱ ቅንድቡን ተፈንክቶ፣ ሸሚዙ ደም በደም ሆኖ ተጋድሟል። ከበሩ ፊት ተንበርክኬ ካቻቢቴዬን አወጣሁና ሥራ ጀመርኩ። እንደምታውቂኝ እጄ ሲሠራ አፌ ዝም አይልም። "አንቺ እንቅልፋም፣ ተነሽ፣ ፀሐይ ወጥቷል! ባልሽ መጣ!" እያልኩ በበሩ እቀልዳለሁ፤ ልጆቹም ከኋላዬ ይንከተከታሉ። ለሞተ ሰው ነው የቀለድኩት፣ እህቴ።

በሩን ከፍተን ስንገባ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ አልብሰዋታል። ጫማዋን አውልቀው ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን አስቀምጠውላታል። ራስጌዋ ውሃ በብርጭቆ አለ፤ አልተነካም። በጀርባዋ ነው ያስተኟት። ያስመለሳት መውጫ አጥቶ ትንፋሿን ዘጋው። ክፋት ቢኖርበት ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ሁሉም በፍቅር የተደረገ ነው፤ እሱ ነው አንጀቴን የሚበላው።

የጠጣችው ብቻም አይደለም። "ዶክተሩ" የሚሉት ጎረምሳ አለ፤ ሕክምና ቤት የገባው ጥርሱን ሊያስነቅል ብቻ ነው። እሱ "ስካር ያበርዳል" ብሎ ኪኒን ሰጥቷታል። ከዚያ ጠብ ተነሳ፣ ጠርሙስ ተወራወሩ፤ ይቺ ባለጃኬቷ ፈራችላትና አስተኝታ ቆለፈችባት። "ወንዶቹ እንዳይደርሱባት ብዬ ነው'ኮ፣ ወንዶቹ እንዳይደርሱባት…" እያለች ሌላ ቃል ጠፋት። አንዷ ልጅማ ልጅቷ ስታቃስት በበሩ ሰምታ ነበር። ቁልፉ ሲጠፋ በሩን ሰብረው አይገቡም? አምቡላንስ አይጠሩም? "ከትምህርት እንባረራለን፣ ቤተሰቧ ይሰማል" ብለው "ተኝታ ይለቃታል" ተባባሉ። ቁልፉ የት ተገኘ መሰለሽ? የጃኬቷ ኪስ ተቀዶ ገበሩ ውስጥ ገብቷል። ለብሳው ነው ስትፈልግ ያደረችው።

ከዚያ ወዲህ በር ከመክፈቴ በፊት ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ጎረቤቶቼ "ቁልፍ ሠሪው ከበር ጋር ያወራ ጀመር" ይሉኛል። ይበሉ! የገዛ ቤቴን መቆለፍ ትቻለሁ፤ ባለቤቴ "ሌባ ልትጠራብን ነው?" ብላ የተቆጣችው ለዚህ ነው። ቁልፍ ሲዞር ቀጭ የሚለውን ድምፅ ጠልቼዋለሁ። ከእንጀራዬ ጋር ተጣላሁ ማለት ነው።

አትሂጂ አልልሽም፤ ብልሽም እንደማትሰሚ አውቃለሁ። መሐላችሁም ጥሩ ነው፣ ቁልፉ ብቻ ይቅር። የደከመችውን በጎኗ አስተኝተሽ አጠገቧ ቁጭ በይ። ዘፈኑ ይለፍሽ፣ ምን ይቀርብሻል? "ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱባት፣ ቡና አጠጧት" የሚል አዋቂ ቢመጣ አባሪው። ጠርተሻት አልነቃ ካለች፣ ትንፋሿ ከተቆራረጠ፣ ገላዋ ከቀዘቀዘ አምቡላንስ ጥሪ፤ የዋጠችውንም ሳትደብቂ ተናገሪ። የሚያፍር ቤተሰብ ከሚቀብር ቤተሰብ ይሻላል። አንቺም ውሃ እንኳ ቢሆን ዓይንሽ ካልነበረበት ብርጭቆ እንዳትጠጪ። ጠብ ከተነሳ ገላጋይ አትሁኚ፤ ጓደኞችሽን ሰብስበሽ ውጪ። "ወንዶቹ አሉልን" ማለት ይቅር፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ለአክስታችን ጉልበቷን ይማርልኝ በያት። የድግሱ ቀን በየትኛውም ሰዓት ብትደውዪ ላትቆጣ አስምያታለሁ። ለባሏም ሰላምታዬን አድርሺ፤ መኪናውን ነዳጅ ሞልቶ እንዲያቆመው ነግሬዋለሁ፣ አጉረምርሞ እሺ ብሏል። መንትዮቹን ሳሚልኝ። ለማላውቃቸው ለተማማላችሁት ልጆችም እንደ ታላቅ ወንድም ሰላም በያቸው፤ ይሄንንም አንብቢላቸው።

ባለጃኬቷ ልጅም ሰላም ብላሻለች። ትምህርቷን ትታለች። አንዳንዴ ሱቄ መጥታ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ። ይሄን ስጽፍም አጠገቤ ነበረች። "ለእህቴ ምን ልበልልሽ?" አልኳት። "አጠገቧ ትቀመጥ በላት" አለችኝ።

ወንድምሽ
ከቁልፍ መቅረጫ ሱቄ፣ ሰኔ ፲፩፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ