በእናቴ ጉልበት ላይ ስለተገኘው ትኩስ ድንች

ለተከበሩ የሕዝብ መናፈሻው ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በእርስዎ ዘመን እንደሚጠበቀው ሣር፣ ማንም ሳይረግጠው ለምልሞ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው እሁድ እናቴን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ በዋናው በር የመጣሁት ሰው ነኝ። እርስዎ የሚያስታውሱት ምናልባት እኔን ሳይሆን እሷን ይሆናል፤ ከጉልበቷ ላይ የተቀቀለ እንቁላልና ድንች የተያዘባትን አሮጊት። ነገሩ የተፈጸመው ለመግባት በቆመ ሰልፈኛ ፊት በመሆኑ፣ ደብዳቤዬም በሰው ሁሉ ፊት ቢነበብ ቅር እንደማይልዎ አምናለሁ።

ቅሬታዎቼን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ከቤት ምግብ ይዞ መግባት ስለመከልከሉ። የዚህን ውሳኔ ጥልቀት ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ለካ ከቤት የመጣ እንቁላል አካባቢ ያቆሽሻል፤ ያው እንቁላል በመናፈሻው ምግብ ቤት ዳቦ ውስጥ ገብቶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሸጥ ግን አካባቢ ያስውባል። ዶሮዎቹ ይህን ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ የት እንደሚጥሉ ይጠነቀቁ ነበር። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

፪. በኩሬው ዳር ስላለው ትልቅ ዛፍ። እናቴ የልብስ ስፌት መኪና እየረገጠች እኛን ያሳደገች፣ ጉልበቷንም እዚያው የጨረሰች ሴት ናት። እግሯን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ መሬት ላይ መቀመጥ የምትችለው ከዚያ ዛፍ ሥር ብቻ ነው፤ መሬቱ ከኋላ ከፍ ስለሚል ተደግፋ መነሳትም አይቸግራትም። ሌላውን ሁሉ ሞክረነዋል፤ ፏፏቴው አጠገብ ልብስ ይርሳል፣ በሩ አጠገብ የመኪና ጭስ አለ፣ ኮረብታው የፍቅረኞች ነው። ከዛፉ ሥር ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋችውን አንሶላ ታነጥፋለች፣ ድንቹን በትኩሱ ትልጣለች፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሳ ታድላለች፤ እጃችን ጥሩ እንዲሸት ብርቱካኑን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምታወጣው። አሁን ከዛፉ ሥር መቀመጥ ተፈቅዶ መብላት ተከልክሏል፤ መብላት የሚቻለው ፀሐይ ላይ በተሠሩት የሲሚንቶ ወንበሮች ነው፤ እነሱ ላይ ደግሞ የእናቴ እግር መሬት አይደርስም። ሣሩ ዕድለኛ ነው፤ እናቴ በሥራ ዘመኗ ሁሉ እንዲህ የሚያስብላት አለቃ አላገኘችም።

፫. ስለ በሩ ጥበቃ። በጢሙ የተነሳ «ሻለቃ» የምንለው ይህ ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር ከእናቴ እጅ ድንቹን የሚቀበል ነበር። እርስዎ የእናቴን ብርድ ልብስ ከጉልበቷ ላይ እንዲገልጥ አዘው ከዚህ ሱሱ ገላግለውታል። የገለጠው ፊቱን አዙሮ ነበር፤ ከደስታ ይሆናል።

፬. ስላደረጉት ንግግር። አንዱ እንቁላል ከምሳ ዕቃው ወድቆ በሰልፈኛው እግር መሃል ሲንከባለልና ሰዉ ሲስቅ፣ ክቡርነትዎ ከረባትዎን እያስተካከሉ ቀረብ ብለው፣ እናቶች ለልጆቻቸው አርአያ መሆን ሲገባቸው ይህ እጅግ ያሳዝናል ብለው ነበር።

እዚህ ላይ ምጸቴ አለቀብኝ።

ምክንያቱም፣ ክቡር ሆይ፣ ያንን ምሳ ዕቃ ከብርድ ልብሱ ሥር የደበቅኩት እኔ ነኝ። መቼም አሮጊት አይፈትሹም ብዬ ነው፤ እሷንም አልነገርኳት። መንገድ ላይ ጉልበቴን ምን አሞቀው ብላ ብትጠይቀኝ ፀሐይዋ ናት አልኳት። ሻለቃ የማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም በዚያች ቅጽበት የመናፈሻውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አማረኝ። «የእኔ ነው ልጄ፤ እርጅና ነው፣ ይቅር በሉኝ» አለች። እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቤት ስንደርስም እህቴ «እማዬ፣ ምን አጥተሽ ነው እንዲህ የምታዋርጂን?» ብላ ስትቆጣት፣ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ከጎናቸው ተቀምጬ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ መናፈሻ ሲነሳባት ጉልበቴን አሞኛል ትላለች። እንቁላሏን የምትበላው የጎረቤት ግድግዳ በሚታይበት መስኮት አጠገብ ነው። ያ ቦታ የቀራት ደስታዋ ነበር፤ እርስዎ በደንብዎ አጠበቡት፣ እኔ በዝምታዬ ዘጋሁት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ አይፈረድብዎትም። ቢሆንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በዚያው በር፣ በዚያው ድምፅ፣ ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን ለሰልፈኛው ይንገሩልኝ፤ እኔ ከጎንዎ ቆሜ ቀድሜ እናገራለሁ። እህቴም እውነቱን ከዚህ ደብዳቤ ታነባለች፤ የምትለኝን ከአሁኑ አውቀዋለሁ።

ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። መርፌ ላይ ክር እያስገባች እስከ መጨረሻው ሰማችና አንድ ነገር ብቻ እንዳርም ነገረችኝ። «ፀሐይዋ ናት ስትለኝ እኮ ሰማዩ ደመና ነበር» አለች። ወደ ስፌቷም ተመለሰች። እኔም እርማቷን እዚህ ጽፌ ሌላውን እንዳለ ልኬዋለሁ።

ለሣርዎ ዕረፍትን፣ ለሲሚንቶ ወንበሮችዎ ጥላን፣ ለእርስዎም የማያልቅ ሹመትን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ እፍረት ጋር እጅ እነሳለሁ።

የአሮጊቷ ልጅ፣ ወንበር ገፊው

ማስታወሻ፦ እናቴ ምሳ ዕቃውን እኔ በእጄ፣ ለሁሉም በሚታይ መንገድ እስከያዝኩ ድረስ በመጪው እሁድ ልትመጣ ተስማምታለች። ለሻለቃ ከሚቀመጠው ሌላ ለእርስዎም አንድ ድንች እንዲጨመር አዛለች፤ በምሳ ሰዓት ቆሞ በአንድ እንቁላል እንዲያ የሚቆጣ ሰው አልበላም ማለት ነው ትላለች። ጨው ግን ከራስዎ ቤት ይዘው ቢመጡ ይሻላል፤ የእኛን ዓይኔን ስታጠብበት ጨርሼዋለሁ።