ካርድ የጠየቅሁሽ ቅዳሜ

ለማትረሳኝ፣ ብትረሳኝም ለማልቀየማት የወጣትነት ጓደኛዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? በእኛ ዕድሜ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጉልበት ነው ብዬ ነው። ልጆች እንዳሉሽ፣ የልጅ ልጅም እንዳየሽ ሰምቻለሁና ሁሉም ደኅና ይሁኑልሽ። እኔ ዓይኔን ትንሽ ከመጋረዱ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ ልበልሽ ወይስ እርስዎ ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። ከተለያየን ሃምሳ ዓመት ሊሞላን ምን ቀረው? ግን እርስዎ ብዬ ልጀምር ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ።

አድራሻሽን የሰጠችኝ እናትሽ ትዘምርበት በነበረው ቤተ ክርስቲያን የምታገለግል ሴት ናት፤ የእናትሽን ማረፍም የነገረችኝ እሷው ናት። ምኗ ነሽ ስትለኝ የድሮ ጓደኛዋ ነኝ አልኳት። ይህን ማለት ይገባኝ እንደሆነ አንብበሽ ስትጨርሺ አንቺው ፍረጂ።

ባለቤቴ ቬርነን ባለፈው ጥር አረፈ። ታስታውሺው ይሆናል፤ በባለ ጎማ ጫማ የምንንሸራተትበት የሮለር ስኬቲንግ አዳራሽ ባለቤት የሚስተር ሃብነር ልጅ፣ ከመግቢያው ትይዩ ሰገነቷ ላይ ተቀምጦ ኦርጋን የሚጫወተው ቀጫጫ ልጅ ነው። አንቺ ከከተማው ከወጣሽ በኋላ አገባሁት። ልጅ አልሰጠንም፤ ግን በደኅና ኖርን።

አዳራሹን ሊያፈርሱት ነው። ከተዘጋ ብዙ ዘመኑ ነው፤ አንድ ሰሞን ምንጣፍ ይሸጥበት ነበር፣ ከዚያ መጋዘን ሆነ። የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ ዴሎረስ ከመፍረሱ በፊት የከተማውን ሰው ትዝታ ሰብስባ መጽሐፍ ልታሳትም ተነሥታለች። የመጣላትን አሳየችኝ። አንዱ ሚስቱን ያገኘው እዚያ ነው፤ አንዷ ክንዷን የሰበረችው እዚያ ነው፤ አንዱ ደግሞ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ፋንዲሻው ሽታ ጽፏል። ታዲያ ሁሉም ሲጨርስ በሩ ለሁሉም ክፍት ነበር፣ እንደ አንድ ቤተሰብ ነበርን ይላል። ዴሎረስም እኔን፣ የበሩን ነገር ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ቲኬት ቆራጯ አንቺ ነበርሽ፣ እስከ ሐሙስ አንድ ገጽ ጻፊልኝ አለችኝ። ለሰው ደስ የሚል ነገር ይሁን ብላም አከለችበት።

ከዚያ ወዲህ ስጽፍ ስቀድ ሰነበትኩ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ስለ እኛ ነበር። በሥራ ቀን፣ አዳራሹ ከመከፈቱ በፊት፣ ወለሉን የምጠርገው እኔ ነኝ። አንቺ ከትምህርት ቤት መልስ ልብስ ከምትተኩሺበት ከጎናችን ካለው ልብስ ማጠቢያ ቤት ሹልክ ብለሽ በጓሮ በር ትገቢያለሽ። የእግራችን ቁጥር አንድ ስለነበር ከላይኛው መደርደሪያ ሁለት ጥንድ ሮለር ጫማ አወርዳለሁ። አንቺ የለመድሽው በጫማ ላይ በቁልፍ የሚጠብቀውን የብረት ሮለር፣ ያውም በተሰነጣጠቀ አስፋልት ላይ ነበር። ያን የተወለወለ ጣውላ መጀመሪያ የረገጥሽ ዕለት አንድ ዙር ዞርሽና፣ ተመልሰሽ መጥተሽ፣ "ይኼማ ቅቤ ነው" አልሽኝ።

ወደ ኋላ መሄድ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። በወደቅሁ ቁጥር መጥረጊያውን ተይው፣ አንቺ ልጅ፣ በመቀመጫሽ ጠርገሽ ጨርሰሽዋል ትይኝ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል እንዳቋረጥኩ ስነግርሽ አልሳቅሽብኝም። በሳምንቱ መጽሐፍ ይዘሽልኝ መጣሽ፤ ስትመልሺው እጠይቅሻለሁ አልሽኝ፤ ጠየቅሽኝም፤ ሳልጨርሰው የመለስኩትን ደግሞ መልሰሽ አሸከምሽኝ። ዛሬ ቤቴን ብታዪው ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው። ቬርነን ከላይ ኦርጋኑን ሲለማመድ ኖታውን እንጂ እኛን የሚያይ አይመስለንም ነበር።

ይህን ጻፍኩና ደስ አለኝ። እዚያው ላይ ላቆም አማረኝ። ዴሎረስም የምትፈልገው ይህን ነበር።

ግን ቅዳሜ ነይ ያልኩሽ እኔ ነኝ። አንቺ አልጠየቅሽኝም። እንዲያውም ቅዳሜ እናንተ ጋ ጥቁር ሰው ሲገባ አይቼ አላውቅም አልሽኝ። እኔ ደግሞ በዚያ የአሥራ ሰባት ዓመት ልብ፣ በሩ ላይ ያለሁት እኔ፣ ማን ይከለክልሻል አልኩሽ።

በሩ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሰውን በቀለሙ መከልከል ሕጉ ስለማይፈቅድ አይጻፍም። ከእኔ በፊት የነበረችው ቲኬት ቆራጭ ግን ቲኬት አቀዳደዱን ስታሳየኝ ያንንም አብራ አሳየችኝ፤ ጥቁር ሰው ከመጣ ይህ ክበብ ነው፣ የአባልነት ካርድ አለዎት ወይ ትያለሽ አለችኝ። ካርዱ ምን ዓይነት ነው ብላት ሳቀችብኝ። እንዲህ የሚባል ካርድ ታትሞ አያውቅም።

እናትሽን ይዘሽ ትመጫለሽ ብዬ አላሰብኩም። ቡናማ ጓንት አድርጋ፣ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን ደፍታ ነበር። እሷ ልትንሸራተት አይደለም የመጣችው፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አንቺን ልታይ ነው። ከኋላችሁ ሰልፍ አለ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"የአባልነት ካርድ አለሽ?" አልኩሽ።

አየሽኝ። ተቆጥተሽ ቢሆን ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ወለሉ ላይ ስወድቅ እስክነሣ ድረስ እንደምትጠብቂኝ አድርገሽ ነው ያየሽኝ። እናትሽ ዝቅ ባለ ድምፅ ታውቂያታለሽ እንዴ አለችሽ።

"አይ እማዬ" አልሽ፤ "ቀን ተሳስቼ ነው።"

ክርኗን ይዘሽ ዞርሽ። ነይ ያለችኝ እሷ ናት ብትይ ኖሮ በዚያው ሰዓት ከሥራ እባረር ነበር፤ ያንን አውቀሽ ነው። እኔም ቀጣዩ ሰው ይቅረብ አልኩ። ሰኞ በጓሮ በር አልመጣሽም። ልብስ ማጠቢያው ከእኛ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ያችን ሠላሳ እርምጃ አልሄድኩም። በገና ሰሞን ወደ ዲትሮይት እንደሄዳችሁ ሰማሁ።

ይህንንም ጻፍኩት። ግን እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ገባበት፦ ሚስተር ሃብነር ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ይህንን ነው። ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ይሰማኝ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ቬርነን ባለፈው መከር አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ሾርባውን እያጠጣሁት፣ ነገሩን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኩት። አባትህ ከኋላዬ ቆሞ ነበርና ምን ላድርግ አልኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ማንኪያውን በእጁ ገፋ አደረገው።

"አባባ ከኋላሽ አልነበረም" አለኝ። "ማሞቂያው ተበላሽቶ ሊጠግነው ታች ምድር ቤት ወርዶ ነበር። እኔ ከላይ አይሽ ነበር።"

ልቆጣው ፈለግሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም አልኩት። እስክትጀምሪው እጠብቅ ነበር አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ "እኔስ መጫወቴን መች አቆምኩ" አለ። ሾርባው ቀዝቅዞ ስለነበር አሙቄ አመጣሁለት።

ስለዚህ ያን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩት። አሁን ገጹ ላይ ያለው እንዲህ ነው፦ ከኋላዬ ማንም አልነበረም፤ ማንም አላዘዘኝም፤ ጓደኛዬን ካርድ ጠየቅኋት። ከግርጌው ሙሉ ስሜን ጽፌያለሁ። ሐሙስ ለዴሎረስ እሰጣታለሁ። አልቀበልም ካለች የሌሎቹን ይዛ ታሳትም፤ እኔ ግን ሌላ አልጽፍላትም።

ያንቺና የእናትሽ ስም ግን የራሳችሁ ነው። ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። መጽሐፉ የሚታተመው ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ ይግባ ካልሽ ይገባል፤ ዝም ካልሽ ባዶውን ይቀመጣል። ይቅርታሽን አልፈልግም ብል ውሸት ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ግን አልጠይቅሽም፤ ሸክሙን ወዳንቺ ማዞር ይሆንብኛል።

አንድ ነገር ብቻ ባውቅ ደስ ይለኛል። ዲትሮይት ትልቅ ከተማ ነው፣ እዚያ ለእናንተም የሚከፈት አዳራሽ አይጠፋም እላለሁ። እናትሽ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ስትንሸራተቺ አይታሽ ይሆን?

ለእናትሽ ነፍስ ዕረፍት፣ ላንቺ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ልጆችሽንና የልጅ ልጆችሽን በደጅም በቤትም ይጠብቅልሽ። የሚገቡበት በር ሁሉ ሰፊ ይሁንላቸው።

ያን ቅዳሜ በሩ ላይ የነበረችው ጓደኛሽ