ወንበሮቻችንን ለወሰዱልን ዲን

ለተከበሩ የሳይንስ ፋኩልቲያችን ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ውሳኔዎ ፈጥኖ የሚመጣ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሦስተኛው ፎቅ ጥግ ባለችው ጠባብ ክፍል የማስተምር የሒሳብ መምህርት ነኝ። ይህንን የምጽፍልዎ ቆሜ ነው፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

ቁስ ሁሉ ከሚርገበገቡ ረቂቅ ክሮች የተሠራ ነው የሚለው ስትሪንግ ቲዮሪ በሙከራ ስላልተረጋገጠ፣ ከእሱ የተነሣ ጥናት ሁሉ እንዲቆም፣ የተማሪዬም የዶክትሬት ሥራ እንዲሰረዝ መወሰንዎን በራችን ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ አነበብኩ። ለጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቅሬታዬ ግን እነሆ፦

፩ኛ፦ ክሮቹ በተፈጥሮ ይኑሩ አይኑሩ እኔም አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ጉዳዬም አይደለም። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ክራቸውን ሲፈልጉ፣ በአንድ ውስብስብ ቅርጽ ላይ ስንት ኩርባዎች እንዳሉ የሚቆጠርበትን መንገድ ሳያስቡት አገኙ። ተማሪዬ ደግሞ መንገዱ ትክክል መሆኑን ያለ አንዳች ክር፣ በንጹሕ ሒሳብ ልታረጋግጥ ተነሣች። ክሮቹ ነገ ውሸት ሆነው ቢገኙ እንኳ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ንቅንቅ አይልም።

፪ኛ፦ የላኩት ኮሚቴ የሙከራ መሣሪያችሁን አሳዩን ቢለን ጠመኔ አሳየነው። ሰብሳቢው አገላብጠው አይተው «መሣሪያ የለም» ብለው መጻፋቸው ትዝ ባለኝ ቁጥር ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። በዚሁ መለኪያ የሚቀጥሉ ከሆነ እባክዎ ዜሮንም ይሰርዙልን፤ እስካሁን በማይክሮስኮፕ ያየው ሰው የለም።

፫ኛ፦ በማግስቱ «መሣሪያ ለሌለው ጥናት ወንበር አያስፈልግም» ተብሎ ወንበሮቻችን ተወሰዱ። ለካ ቆሞ ማሰብ ያፈጥናል! ከማረጋገጫው የጎደለው የመጨረሻ እርምጃ ትናንት ከሰዓት በኋላ ተገኘ። ከዝምታዋ የተነሣ «ድምፅ አልባ» የምንላት ተማሪዬ ጠመኔዋን ጥላ ጮኸች፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ኮሪደሩ ላይ ዘለልኩ፤ የሚቀጥለው ክፍል የኬሚስትሪ መምህር እሳት የተነሣ መስሏቸው ማጥፊያ ተሸክመው ደረሱ። ደስታችን ይህን ያህል ነው። ውሳኔዎ ካልተነሣ ግን ልጅቷ ዓመታት የለፋችበት ሥራ ሳይመዘን ይቀራል፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ጠመኔ ባልለቀቀው እጅና በማንኛውም መሣሪያ በማይለካ አክብሮት፣
የሦስተኛው ፎቅ የሒሳብ መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኩርባዎቹ እርስዎ በወጣትነትዎ ቆጥረው ዶክተር የተባሉባቸው ናቸው። የክሮቹ መንገድ የሰጠው ቁጥር ከእርስዎ ቁጥር ይለያል፤ በማረጋገጫውም መሠረት የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት። ሥራዋ ከተሰረዘ ቁጥርዎ ሳይነካ ይኖራል፤ ይህ ግን በሐሳብዎ ውል ብሎ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። ማረጋገጫውን ሐሙስ ጠዋት ሰሌዳው ላይ እናሳያለን። ቢመጡልን ክብራችን ነው፤ ወንበር ግን ይዘው ይምጡ።