ለፓክ ማርጎኖ፣ በአደራ ስለወሰዱብኝ የጭንቀት መድኃኒት

ለተከበሩ አባታችን ፓክ ማርጎኖ፣
የካሊሶጎ ሠፈር አለቃ፣ የጥበቃ ቤቱና የቀርከሃው ደወል ኃላፊ፣ የድምፅ ማጉያው ብቸኛ ባለሥልጣን፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎ ቡ ረትኖም፣ የጓሮ ጎመኔን አዘውትረው የሚጎበኙልኝ ፍየሎችዎም ፍጹም ጤናማ ሆናችሁ እንደምትገኙ ተስፋዬ ነው። ጤና ምን ያህል ትልቅ ነገር መሆኑን ከእርስዎ የበለጠ ያስተማረኝ የለምና ምኞቴ ከልብ ነው። ስለ ማንነቴ ብዙ ማተት አያስፈልገኝም፤ ከመስኖው ቦይ አጠገብ የምኖረው፣ ጨርቅ ላይ በሰም ሐረግ እየሳልኩ በቀለም የምነክረው ባቲክ ሠሪዋ ዋሊየም ነኝ። ሕመሜን በድምፅ ማጉያ ስላስነገሩልኝ ከዚህ እስከ ሩዝ ወፍጮው ድረስ የማያውቀኝ ሰው ቢኖር ያን ቀን ከሠፈር ወጥቶ የዋለ ብቻ ነው።

በእርግጥ የጨዋ ደንብ ቤትዎ ድረስ መጥቼ በቃሌ እንዳስረዳ ያዝዘኝ ነበር። ደጃፍዎ ድረስም መጥቼ ነበር። ነገር ግን ቡ ረትኖ «ነይ ግቢ፣ ሙዝ ጠብሻለሁ» ብለው ሲስቁልኝ ሙዙን በልቼ፣ አመስግኜ ተመለስኩ። ይሉኝታ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። ስለዚህ ጉዳዬን እርስዎ እንዳደረጉት በአደባባይ ማድረጉ ይሻላል ብዬ፣ ይህን ደብዳቤ በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከጽዳት ተረኞች ስም ጎን ለጥፌዋለሁ። ፊደሎቼ የተንቀጠቀጡት በንቀት ሳይሆን በእጄ ምክንያት መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው በዝናቡ መግቢያ ነው። ሰም ከጣድኩበት ምድጃ ፊት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ማንም ሳይቆጣኝ፣ አንዳች ክፉ ወሬ ሳልሰማ፣ ልቤ በድንገት ዳገት እንደሮጠ ሰው መምታት ጀመረ። ትንፋሽ አጠረኝ፤ እዚያው የምሞት መሰለኝ። ሲመላለስብኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ዶክተር ሄርሊናም መርምራኝ፣ «ልብሽ ደህና ነው፤ ያስቸገረሽ ጭንቀት ነው» አለችና በየጠዋቱ የምትዋጥ ነጭ ኪኒን አዘዘችልኝ። «የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዱሻል። ሳይሻልሽ በፊት የባሰብሽ ይመስልሻል። አይጥ ከጣሪያ ሲባረር መጀመሪያ ቤቱ ሁሉ ይንኳኳ የለ? እንደዚያ ነው። አትደንግጪ፤ በራስሽም እንዳታቋርጪው» አለችኝ። አልደነግጥም ብዬ ቃል ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከመደንገጥ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ያቺ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ኪኒን ያላደረገችኝ የለም። አፌ ደረቀ፤ የሩዝ እንፋሎት አቅለሸለሸኝ። እንቅልፍ ሳይኖረኝ መንጋጋዬ እስኪላቀቅ አዛጋለሁ፣ ካላዛጋሁም ጥርሴን ነክሼ እገኛለሁ፤ በዝናብ ውስጥ ቆሜ ያልበኛል። ከሁሉ የከፋው መቀመጥ አለመቻሌ ነበር። እግሬ አላስቀምጥ ስላለኝ ጠዋት ጠዋት በቦዩ ዳር ወዲያና ወዲህ እመላለስ ነበር። ይህንን መመላለሴን ነው እርስዎ በማያንቀላፋው ዓይንዎ የተመለከቱት። ቅሬታዎቼም ከዚህ ይጀምራሉ።

አንደኛ፦ ደወሉን ይመለከታል። ሕመሜን ለሠፈሩ ለማሳወቅ በወሰኑ ጊዜ በመጀመሪያ የቀርከሃውን ደወል መቱ፤ ለዚህ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። ሆኖም የመቱት ለስብሰባ የሚመታውን ሳይሆን ለእሳት የሚመታውን ነበር። በዚያች ቅጽበት ልቤ የት እንደደረሰ እኔ አውቃለሁ፤ ምድጃውን ሳላጠፋ ወደ ቦዩ ሮጬ በአንድ እግር ጫማ ውኃው ውስጥ ቆሜ ነበር። እዚያ እንደቆምኩ ድምፅዎ በማጉያው መጣ፦ «ውድ ነዋሪዎች! ቡ ዋሊየም ነርቧን ስለታመመች ከሰዓት በኋላ በጋራ ሄደን እንጠይቃታለን! ሞተር ያለው ሞተር የሌለውን ይጫን!» ቤቴ ከጥበቃ ቤቱ ሲያስነጥሱ የሚሰማበት ቦታ ነው፤ ሞተሩ ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የመጀመሪያውን ጥሪ ብቻ የሰሙት ጎረቤቶቼ ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዘው ደረሱ። ባልዲዎቹን በሬ ላይ ደርድረው ገቡ፤ እግዜር ይስጣቸው።

ሁለተኛ፦ ጥየቃውን ይመለከታል። በሽተኛን በጅምላ መጠየቅ የኖርንበት ወግ ነው፤ እኔም ስንቱን ጠይቄያለሁ፣ ብርቱካንና ስኳር ይዤ ስንቱ አልጋ ራስጌ ተቀምጫለሁ። የእኔ ሕመም ግን ሰው ሲያፈጥብኝ የሚብስ ሕመም ነው። ክፍሉ ሞልቶ፣ ሰው በመስኮት ጭምር እየተንጠራራ፣ ሁሉም ዓይን እጄ ላይ ነበር፤ እጄም እንደተጠራ ያህል ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለመድኃኒት የሚጠጣ ሥራ ሥር ቀቅለው የሚሸጡት ቡ ጊነም ናቸው መጀመሪያ የጮኹት፦ «እናንተዬ፣ እጇን እዩልኝማ! ይሄ ሁሉ የኬሚካል ሥራ ነው! ነፋስ ነው የገባባት፣ ነፋስ! አንዴ ጀርባዋን በሳንቲም ብፍቃት ነገ ስትዘፍን ትሰሟታላችሁ።» ወደ ጓዳ አስገብተው ዘይት ቀብተው ፋቁኝ። ጀርባዬ ቀይ በቀይ ሆነ፤ ስመለስም እጄ ያው ነው። «አየሽ፣ ሲወጣ ነው እኮ እንዲህ የሚያንቀጠቅጠው!» አሉኝ።

ፍየል ነጋዴው ፓክ ቱኪሚን ደግሞ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «እኔ የምለው፣ እስኪሻላት ቤት ትዋል። ካስፈለገም በሩን ከውጭ ቆለፍ ማድረግ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው፣ «ምን ታፈጡብኛላችሁ? ለራሷ ብዬ ነው እኮ!» ብለው ሳቁ። ክቡር ሆይ፣ ሌላውን ሁሉ በሣቅ አልፈዋለሁ፣ ይህንን ግን አልችልም። የእናቴን ወንድም ፓይሞን ያስታውሱታል። እሱም «እስኪሻለው» ተብሎ ነበር እግሩን ከግንድ ጋር ታስሮ ጓሮ ክፍል የገባው። እኔ ልጅ ሆኜ ሩዙን በመስኮት አቀብለው ነበር፤ ስሜን እየጠራ ያመሰግነኝ ነበር። ከዚያች ክፍል የወጣው ሲቀበር ነው። ያን ከሰዓት፣ በእናንተ መካከል ሻይ እየቀዳሁ፣ የማየው በሬን ነበር፤ ቁልፉ ከውጭ ይሆን ከውስጥ እያልኩ። እፈራለሁ፣ ፓክ ማርጎኖ። ከሞት ይልቅ ያቺን ክፍል እፈራለሁ።

በዚህ መካከል እርስዎ ብቻ ነበሩ ጥያቄ የጠየቁኝ፤ በዚህም ላመሰግንዎ ይገባል። «ከእጅሽ ነው ከደረትሽ የሚጀምረው?» አሉኝ። «ሰው መሀል ሆነሽ ነው፣ ወይስ ብቻሽን ስትሆኚ? አሁን ልሞት ነው፣ አሁን ልሞት ነው ያሰኝሻል?» ቡ ረትኖ እንኳ «ኧረ ተዋት ሰውዬ፣ ፖሊስ ጣቢያ አደረግከው እኮ!» ብለው ሠፈሩን አሳቁት። ሁሉን መለስኩልዎ። ሁሉንም በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ የመድኃኒቱን ሳጥን ከመደርደሪያዬ ላይ አነሡና፣ «ለጊዜው እኔ ጋ ይቀመጥ። አለቃ የተባልኩት ለዚህ ነው። ደህና ስትሆኚ ትወስጂዋለሽ» ብለው ኪስዎ ከተቱት። ደህና ስሆን መድኃኒት ሊሰጡኝ ቃል የገቡልኝ ብቸኛው መሪ እርስዎ ነዎት። እኔም አንገቴን ደፍቼ ብርጭቆዎን ሞላሁልዎ፤ እርስዎም እሺ አለች ብለው ሄዱ። እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያደጉ ሰው ነዎት፤ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት እንግዳን፣ ይልቁንም አለቃን፣ እምቢ የሚል ማን አለ? አንገት ደፍቶ ሻይ መቅዳት እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ ብዬ ነበር።

ሦስተኛ፦ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ይመለከታል። እርስዎ በመጡበት ቀን ጠዋት ምን ሆኖ እንደነበር ማንም አልጠየቀኝም። ያን ዕለት፣ ኪኒኗን ከጀመርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የመሳያ መሣሪያዬን ሰም ውስጥ ነክሬ፣ አንድ ሙሉ ሐረግ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጠብታ ሳላንጠባጥብ ስዬ ነበር። አልቅሻለሁ። ይሻልሻል ተብዬ የነበረው መምጣቱ ነው አልኩ። ከዚያ ደወሉ ተመታ። አሁን ሳጥኑ እርስዎ ጋ ነው፤ ዓይኔን ወደ ጎን ባዞርኩ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት የመሰለ ነገር ብልጭ ይልብኛል፤ ፍርሃቱም እንደ ቀድሞው ሳይሆን ጨምሮ ተመልሷል። የማላውቀው ሰው ሠርግ ላይ የሚለበስ ጨርቅ ምድጃው አጠገብ ተዘርግቶልኛል፤ ሰም ያለቦታው ጠብ ካለች ደግሞ ቀለም ስለማይገባበት ነጩ ነጥብ እስከ ወዲያኛው ይቀራል። ጨርቁ ላይ አሁን ብዙ ነጭ ነጥብ አለ። የምኖረው በዚህ እጅ ነው። እጄ ካልተመለሰልኝ ምን እንደምሆን አላውቅም፣ ማሰቡም ያስፈራኛል።

አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ስለ ፍየሎቹ ይመስለኛል። ጠፍቶብኛል፤ ሲታወሰኝ ግድግዳው ላይ ቦታ አለ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ሳጥኔን ይመልሱልኝ። በእጅዎ መስጠቱ የሚያሳፍርዎ ከሆነ በሬ ላይ ካለው የውኃ ማሰሮ ኋላ ያስቀምጡልኝ፤ ማን እንዳስቀመጠው አልጠይቅም። ሐሙስ ዶክተር ሄርሊና የምትገኝበት ቀን ስለሆነ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው እሄዳለሁ፤ መድኃኒቱን ማቋረጤንም ለምን እንዳቋረጥኩም እነግራታለሁ። የምገባው በፊት ለፊቱ በር፣ ሰው ሁሉ ወደ ገበያ በሚያልፍበት ሰዓት ነው። ማየት ለሚፈልግ ሁሉ ይህ ጽሑፍ በቂ ማስታወቂያ ስለሆነ ደወሉን መምታት አያስፈልግም።

ሳልጠይቅዎ ለተጨነቁልኝ፣ ሳልፈቅድልዎ ለጠበቁልኝ፣ እሳት ባልነበረበት ቤቴ ባልዲ ላሰለፉልኝ፣ ለሠፈራችን ደኅንነት እንቅልፍ ላጡት ለእርስዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት ዳግመኛ እየገለጽኩ፣ ሁልጊዜም ብርጭቆዎን ለመሙላት ዝግጁ የሆነችው፣

ታዛዥ ጎረቤትዎ
ዋሊየም፣ ከቦዩ ዳር

ማስታወሻ፦ ይህች ማስታወሻ ግድግዳው ላይ የለችም፤ በበርዎ ሥር ባስገባሁት ቅጂ ላይ ብቻ ናት። ቅዳሜ ቦዩን ልናጸዳ ስንወጣ አይቼዎታለሁ። በዚያ ዝናብ ላብ ያጠምቅዎት ነበር። እያዛጉ መንጋጋዎን በእጅዎ ይደግፉ ነበር። ቡ ጊነም ሻይ ሲሰጡዎ ብርጭቆውን በሁለት እጅዎ ጨብጠው እንኳ ሻዩ ይፈስ ነበር። ተቀመጡ ሲባሉ ተነሥተው በቦዩ ዳር ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። ሰዉ «አቤት ለሥራ ያላቸው ትጋት!» አለ። እኔ ግን ያንን መመላለስ አውቀዋለሁ፤ ከሳጥኔ ስንት ኪኒን እንደጎደለም አልጠይቅዎም። እነዚያ ጥያቄዎች ሁሉ ለእኔ እንዳልነበሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እኔ ሐኪም አስቀድማ ነግራኝ እንዲህ ከፈራሁ፣ ማንም ያልነገረዎ እርስዎ ምን ያህል ፈርተው ይሆን? የሚሰማዎ የሞት ምልክት ሳይሆን የኪኒኗ ሥራ ይመስለኛል። ለእኔ የታዘዘው ግን ለእርስዎ አልታዘዘምና ከእንግዲህ ያለ ሐኪም አንዲትም እንዳይውጡ፤ ስንት እንደዋጡም ለዶክተሯ ይንገሯት፤ አትቆጣም። እሳት ሳይኖር የእሳት ደወል ሲመታ ምን እንደሚመስል እኔና እርስዎ እናውቀዋለን። ጤና ጣቢያው የጀርባ በር አለው፣ በሙዙ ተክል በኩል፤ ከመንገድ አይታይም፣ በድምፅ ማጉያም ማንም አያስነግርብዎትም። እኔ ግን ሐሙስ ጠዋት በፊት ለፊቱ በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ለብቻዬ መግባት ያስፈራኛልና እባክዎ አይዘግዩ።