ቁጭ ብዬ ስተኩስ

ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ከጠመንጃው በቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ እሱ እንደ በቅሎ ይራገጣል።

አባባ ካረፈ ወዲህ ጠመንጃውን ከግድግዳ ያወረድኩት እኔ ነኝ። በቁመት ይበልጠኛል። መጀመሪያ ስተኩስ ጅግራዋ በረረች፣ እኔ ወደቅኩ። አሁን ዘዴ አግኝቻለሁ፤ መውደቄ ላይቀር ቀድሜ ቁጭ እላለሁ። ሰፈሩ «ቁጭ በሏ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ! ጅግራን ጭንቅላቷን እንጂ ሌላ ቦታ አልመታትም። የሆቴሉ ምግብ አብሳይም «ያንቺን ጅግራ በልቶ ጥይት የነከሰ እንግዳ የለም» ብሎ ከእኔ ብቻ ነው የሚገዛው።

እማዬ «ሴት ልጅና ጠመንጃ ምን አገናኛቸው!» እያለች ትጮህብኝ ነበር። ሰሞኑን ትታዋለች። ጎረቤቶች ጠባይዋ ተሻሻለ ይላሉ፤ እኔ ግን ጩኸቷ ናፈቀኝ።

ዛሬ ወፍራሟን ጅግራ ለሆቴሉ አልሰጠሁም፤ ለእማዬ መረቅ ሠራሁላት። «ነገ እቀምሰዋለሁ» አለች ከአልጋዋ ሳትነሳ። እኔ መች ሰምቻት! ግን እንዳትስቅብኝ፤ ከዛፍ ጫፍ የማልስት ልጅ፣ ማንኪያውን ሳቀርብ አፏን ስቼ መረቁን አንገቷ ላይ ደፋሁት።

ስለ እኛ አታስብ። አሠሪዎችህ ፈቃድ ከሰጡህ ግን ቶሎ ና፤ ጠመንጃው አንተን ናፍቋል።

ቁጭ ብላ የምትጠብቅህ እህትህ።