ማጣሪያው በዕጣ የደረሳት ጎረቤቴ ስለፈጸመችው ጥፋት

ለተከበሩ ዶክተር ጋሮምሳ
የውኃና የአጥንት ጤና ጥናት ዋና ተመራማሪ
አዳማ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ከአዳማ እስከ ቡልቡላ አቧራችንን ስታቦን የኖረችው ነጭ መኪናችሁም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ያለኝን ጽኑ እምነት እየገለጽሁ፣ በተለይ አንገትዎ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንደ ልብ የሚዞር፣ ጎንበስ ብለው የጫማዎን ክር ለማሰርም የሰው እርዳታ የማያሻዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምመኝልዎ ባለቤቴ አቶ ነጋሳ ሁለቱንም ማድረግ ካቆሙ ዘጠኝ ዓመት ስላለፋቸውና የነገሩን ዋጋ ከእሳቸው ስለተማርሁ ነው።

እኔ የሺዓለም እባላለሁ። ባቱ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በጸሐፊነት ሳገለግል የተየብኋቸው ደብዳቤዎች በሙሉ የሌላ ሰው ነበሩ። «ጉዳዩን በጥሞና እየተመለከትነው እንገኛለን» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስንት ሺህ ጊዜ እንደተየብሁት ፈጣሪ ይወቀው፤ ትርጉሙንም ከአለቆቼ አብልጬ አውቀዋለሁ። ጡረታ ስወጣ ከቡልቡላ ወጣ ብሎ ወዳለው የባለቤቴ መንደር ገባን። በራሴ ስም የምጽፈው የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ይህ ነውና ጉድለት ቢገኝበት በትልቅ ሰውነትዎ ይለፉኝ።

ይህ ማንም እንዲያነበው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ለማያውቁን አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። የጉድጓዳችን ውኃ ፍሎራይድ የሚባል ነገር የበዛበት ነው። ሕፃን ሆኖ የጠጣው ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል፤ ዕድሜውን ሙሉ የጠጣው ደግሞ አጥንቱ ይደርቃል፣ ወገቡ ይጎብጣል። ይህን ለማወቅ እኛ ምርምር አላስፈለገንም፤ እርስ በርስ መሳቅ ብቻ ይበቃን ነበር።

የዛሬ ስድስት ዓመት ግን ክቡርነትዎ መጡልን። በከብት አጥንት ከሰል የሚሠራ የውኃ ማጣሪያ ይዛችሁ መጣችሁ፤ ከመንደራችን ስልሳ ቤቶች ሠላሳው ማጣሪያ ያገኛል፣ ሠላሳው «ማነጻጸሪያ ቡድን» ተብሎ የጉድጓዱን ውኃ እንደ ወትሮው ይጠጣል፣ በሁላችንም ሽንት ውስጥ ያለው ፍሎራይድ እየተለካ ማጣሪያው ይሥራ አይሥራ ይታወቃል አላችሁን። እግዜር ይስጥልን፤ ገለቶማ። ስለዚህና ስለተከተለው ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ) ስለ ክርክር ስላስተማራችሁን አመሰግናለሁ። ማጣሪያው እንደመጣ የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን አጥንት የነካው ውኃ በጾም ይጠጣል ወይ ብለው ሲጨነቁ፣ ሙስሊሞቹ ደግሞ ከብቱን ማን አረደው ብለው ሲጠይቁ፣ ባልደረቦችዎ «የማኅበረሰብ ተቀባይነት» የሚል የሦስት ወር መጠይቅ አዘጋጁ። ቄሱና ሼሁ ግን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ከሰሉን በእጃቸው አድቅቀው አይተው፣ ይጠጣል ብለው ነገሩን በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። እኛ ጴንጤዎቹ ቀድመን ስለጠጣን አስተያየታችንን የጠየቀን የለም። መጠይቁ በሦስተኛው ወር መጣና ሞላነው፤ ሰው ለፍቶ ያዘጋጀውን እንዴት እንቢ ይባላል።

፪ኛ) ስለ ዕጣው አመሰግናለሁ። መረጃ የምትሰበስበው ሀኒ፣ ያች ጨዋ ልጅ፣ የተጠቀለለ ወረቀት በሳህን ይዛ ደጃችን ላይ ቆመች። ለጎረቤቴ ለቀመሪያ ማጣሪያ ወጣላት፤ ለእኔ ባዶ ወረቀት ወጣልኝ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጥፋታችን የሚጀምረው። ክቡርነትዎ፣ በእኛ አገር ዕጣ ሲባል ሰው የሚያውቀው እቁብን ነው። በእቁብ ዕጣ ዛሬ ያልወጣለት ነገ ይወጣለታል፤ የወጣለትም ቢሆን ችግር የጠናበት ጎረቤት ካለ ተራውን ይለቅለታል እንጂ ዝም ብሎ አይበላም። የእናንተ ዕጣ ነገ የሌለው ዕጣ መሆኑን ማንም አልነገረንም፤ ወይም ተነግሮን ሳይገባን ቀርቷል። እናቷ ባቱ የአበባ እርሻ ላይ ስለምትሠራ እኔ ዘንድ የምታድገው የልጅ ልጄ ሌንሳ ያን ጊዜ የአንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቀመሪያም ይህን ታውቃለች። በማግስቱ ጠዋት አንድ ጆግ የተጣራ ውኃ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝና፣ ትልቁ ሰውማ አንዴ ጠጥቶታል፣ ይህቺ ልጅ ግን ጥርሷ ገና ነው፣ ውሰጂ አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ጠዋት አላጓደለችም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውን እኛ የምናውቀው ከአፍ ሳይሆን ከጆግ ነው። ኋላ ስንሰማ ሠላሳውም ቤት እንዲሁ ሲያደርግ ኖሯል።

፫ኛ) ስለ ሳይንሳዊ ንቃታችሁ አመሰግናለሁ። በዐሥራ አራተኛው ወር የማነጻጸሪያ ቡድኑ ሽንት ከሚጠበቀው በላይ ንጹሕ ሆኖ በመገኘቱ ከአዳማ ድረስ መጥታችሁ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰብስባችሁን፣ ጥናቱ ተበክሏል ስትሉን የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ይህ መንደር ብዙ ብክለት አይቷል፤ የተጣራ ውኃ ብክለት ሲባል ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው። አንድ ባልደረባዎ ለምን መመሪያውን ጣሳችሁ ብሎ ሲቆጣ፣ ባለቤቴ አንገታቸው ስለማይዞር መላ ሰውነታቸውን ወደ እሱ አዙረው፣ ልጄ፣ የተጠማ ልጅ ጎረቤት ውኃ ሲያቀርብለት መመሪያ ይጠይቃል ወይ አሉት። መልሱ በቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም፤ ጥያቄውም እንደዚያው።

በዚያው ቀን ጥናቱ ተቋረጠና ሠላሳውም ማጣሪያ ተነቅሎ በመኪና ተጫነ። ሀኒ በመጀመሪያው ቀን ያነበበችልን የስምምነት ቅጽ፣ ተሳታፊው በማንኛውም ጊዜ ያለ ምንም ቅጣት የማቋረጥ መብት እንዳለው ይናገራል። በዚህ መብት ከእኛ ይልቅ እናንተ ተጠቀማችሁ። ቅጣቱ ግን እኛ ዘንድ ቀረ።

፬ኛ) ባለፈው ጥቅምት አዳማ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ወደተደረገው የምሁራን ውይይት «የማኅበረሰብ ተወካይ» አድርጋችሁ ስለጋበዛችሁኝ ከፍ ያለ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሁለት ፕሮፌሰሮች ሲከራከሩ ዋልን። አንደኛው፣ ቡድኖቹ ስለተቀላቀሉ ውጤቱ ምንም አያስረዳም አሉ። ሌላኛው፣ ማጣሪያው መሥራቱን ያስረዳል፣ የተቀላቀሉትም ስለሠራ ነው አሉ። የመጀመሪያው፣ እንደዚያ ብሎ መደምደም አይቻልም አሉ። ምሳ ሆነ። ከምሳ በኋላ ዞረው እዚያው ጀመሩ። በየጠረጴዛው ላይ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት የታሸገ ውኃ ተደርድሮ ነበር፤ ከተከራካሪዎቹ አንድም ሰው የቧንቧ ውኃ ሲጠጣ አላየሁምና በዚህ በኩል ሙሉ ስምምነት እንዳለ ተረድቻለሁ። የተረፉትን ሰባት ጠርሙሶች ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ለሌንሳ ወሰድሁ። ይህም ስርቆት ከሆነ በይፋ አምኛለሁ።

ለእኔ የተመደበው አምስት ደቂቃ በክርክሩ ስለተበላ ሲበተኑ በር ላይ ጠብቄ እርስዎን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁዎ፦ ማጣሪያዎቹ የት ናቸው? የጥናቱ ንብረት ስለሆኑ፣ ክርክሩ እልባት እስኪያገኝ አዳማ መጋዘን ውስጥ እንደሚቆዩ በትሕትና ገለጹልኝ። ከዚያም ጉዳዩን በጥሞና እየተመለከታችሁት እንደምትገኙ ነገሩኝ። ክቡርነትዎ፣ እኔ ይህን ስሰማ ሌላ ጥያቄ የማልጠይቀው ለምን እንደሆነ አሁን ያውቃሉ።

፭ኛ) የመጨረሻው ስለ ቀመሪያ ነው፤ እዚህ ላይ ምስጋና አጠረኝ። በጥናታችሁ ዘገባ ላይ «ተሳታፊዎች መመሪያውን ባለማክበራቸው ጥናቱ ሊሳካ አልቻለም» ተብሎ መጻፉን ሀኒ ስታነብልን ቀመሪያ አጠገቤ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጣሪያውን ለመንደሩ ያሳጣሁት እኔ ነኝ ትላለች። ስንት ጊዜ መከርኋት፣ ሼሁም መከሯት፤ የተማረ ሰው የጻፈውን እናንተ ትፍቁታላችሁ ወይ ብላ ዝም አሰኘችን።

ሌንሳ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። የወተት ጥርሶቿ ወልቀው በጥር የላይኞቹ ሁለቱ ወጡ፤ እንደ እናቷ፣ እንደ አያቷ፣ እንደ ሁላችንም ቡናማ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ማንም አላስተማራትም። ቀመሪያ ያንን እጅ ካየች ወዲህ በአጥሩ በኩል ማለፍ ትታ በላይኛው መንገድ ዞራ ነው ቤቷ የምትገባው። እኔ ክቡርነትዎ፣ በባለቤቴ አንገት አዝኜ ጨርሻለሁ፤ በሌንሳ ጥርስም አልቅሼ አበቃሁ። የአንዲት ደግ ሴት ዓይን ከልጄ ፊት ሲሸሽ ማየት ግን አንገብግቦኛል፤ ተናድጃለሁም።

ስለዚህ ማጣሪያ አልለምንዎም። የምለምነው አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፦ «ወይዘሮ ቀመሪያ ጥፋት አልፈጸሙም»። ከሥሯ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ማኅተም ይኑርበት፤ ማኅተም ካላየች አታምንምና። መተየቡ ካስቸገረ ተይቤ አባሪ አድርጌዋለሁ፤ ለማኅተሙ የሚሆን ቦታም ትቻለሁ። እንደማይመጣ አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያሉ አባሪዎች የሚገቡበትን መሳቢያ የምቆልፈው እኔ ነበርሁ።

ለሳይንስ ዕድገት ሽንታችንን ሳንሰስት ያበረከትን፣ ብድሩንም በወገባችን የተሸከምን የመንደሩ ነዋሪዎች ሁሉ ጎንበስ ብለን እጅ እንነሳለን፤ ጎንበስ ማለቱ ለብዙዎቻችን ችግር ስላልሆነ፣ ቀና ማለት ነውና ያስቸገረን፣ አክብሮታችን ሳይቋረጥ እንደሚቆይ አረጋግጥልዎታለሁ።

የእርስዎው አክባሪ
የሺዓለም
የማነጻጸሪያ ቡድን አባል፣ የቤት ቁጥር ሠላሳ አራት

ግልባጭ፦ ለወይዘሮ ቀመሪያ፣ በላይኛው መንገድ በኩል

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ከትቼ ሳላሽገው ሀኒ አዲስ ቅጽ ይዛ መጣች። ከሰባት እስከ ዐሥር ዓመት የሆናቸውና ጥርሳቸው ቀለም የያዘ ልጆች ለአዲስ ጥናት ይፈለጋሉ፤ ሌንሳም መስፈርቱን በሚገባ ታሟላለች። ፈርሜያለሁ። ስለ ውጤቱ ደግሞ ከእንግዲህ ምንም አይስጉ፤ ቀመሪያ አሁን የምታካፍለው የላትም።