ከአፈሙዙ ሥር ያለው መብራት

ሰኞ፣ ሰኔ 2። ከጠ. 3 ሰዓት

ዳቦ ስልሳ ገባ፣ ሃምሳ አንድ ወጣ። ወተት አልቋል። እንቁላል አራት ተሰብሯል። የሰኔ ጾም ዛሬ ስለገባ ተስፉም እኔም አንበላውም፤ ለአከራያችን ለአሮጊቷ ለጎጎ ታንዲ ሰጠኋት። ሥጋት፣ አንድ፦ ነጭ መኪና፣ ት/ቤቱ ጥግ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ ጠፍቶ።

ደብተሬ፣ መኪናን ከእንቁላል ጋር ስቆጥር አትሳቂብኝ። የጠዋቱን ሒሳብ ያየሁትን ሁሉ ካልጻፍሁበት አይዘጋልኝም።

ሁሉ ነገር የሚያስፈራው ከመኪናዬ ወርጄ በሩ እስኪከፈት ባለችው አጭር ጊዜ ላይ ነው። ከቤቴ ከሮዘተንቪል በጨለማ እነሣለሁ፣ ዳቦ ባኪዬ፣ ትንሿ የጭነት መኪናዬ ላይ እጭናለሁ፣ ሠራተኛው ታክሲ ሳይዝ ሱቁ ያለበት ኮዝሞ ሲቲ እደርሳለሁ። የዚህ አገር ክረምት ነው፤ ፀሐይ እስክትወጣ ገና ብዙ ይቀራል። የመንገዱን ኬብል ሌቦች ቆርጠው ከወሰዱት ወዲህ አምፖል የሚባል የለም። ሱቁ ጎጎ ታንዲ ግቢ ውስጥ ነው። የአክስቴ ልጅ ተስፉ እዚያው ዕቃው መሀል ያድራል፤ ከውስጥ የሚከፍትልኝ እሱ ነው። ከባኪው እስከ በሩ ድረስ ሁለት እጄ ዳቦ ይዟል፣ ዓይኔ ምንም አልያዘም።

የታችኛው መንገድ ባለሱቅ፣ ያገራችን ልጅ፣ ባለፈው ወር በዘራፊዎች የተያዘችው እንዲህ ሳለች ነው። መኪናዋን ወሰዱ፣ ክንዷን ሰበሩ። ሱቋን በርካሽ ሸጣ ደርባን ገባች። ዋጋውን ሰምቼ መጀመሪያ ያሰብሁት እኔ ብገዛው ኖሮ የሚለውን ነው። ቀጥሎ የባኪዬን በር ቆለፍሁ።

ሽጉጥ አለኝ። ትንሽ፣ ሹራብ ሥር ወገቤ ላይ የምትጠፋ። ፈቃዷ ስንት ደጅ አስጠንቶኝ ነው የመጣው። በቀን ብርሃን የዒላማ ወረቀት እመታባታለሁ። በጨለማ ግን ወገብ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ብቻ ናት። ከአፈሙዟ ሥር የምትገጠም ትንሽ መብራት እንዳለች ሰምቻለሁ። ዋጋ እጠይቃለሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4። ከጠ. 4 ሰዓት

ዳቦ ተሸጦ አልቋል። ነጩ መኪና ዛሬም አለ።

በሩ ላይ ደርሼ ተስፉን ጠራሁት። ዝም። ደግሜ ጠራሁት። ዝም። በሦስተኛው «አቤት እታለሜ!» አለኝ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ እንቅልፍ የሌለበት። ነቅቶ ሲያዳምጠኝ ነበር ለካ።

እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝ፣ እሱ የመንዝ። በነሱ አገር በጨለማ ለጠራህ ሁሉ አቤት አይባልም፤ የሚጠራው ነፍስ የሚወስድ ነገር ሊሆን ይችላል። ሰው ያልሆነ ነገር ሦስት ጊዜ አይጠራምና ሦስተኛው ይጠበቃል። ሠላሳውን ያለፈ፣ ሚስትና ሁለት ልጅ ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ። ኮዝሞ ሲቲ ላይ ሰው ያልሆነ ነገር አይጣራም፣ በፌሮ በር ገንጥሎ ነው የሚገባ አልሁት። «እሱማ ሰው ነው እታለሜ፤ ሰውን መች ፈራሁ» አለና ሳቀ።

ሽጉጡን ማታ ማታ እንድተውለት ዛሬም ጠየቀኝ። አይሆንም አልሁት፣ ዛሬም። ፈቃዱ በእኔ ስም ነው፤ ሌላ ሰው እጅ ከተገኘች እኔም እስር ቤት እሱም ወዳገሩ። መብራት ልገዛላት መሆኑን ስነግረው «እንግዲያው መብራቷን ብቻ ተይልኝ፣ ሽንት ቤት እሄድባታለሁ» አለ። አልሳቅሁም። አሁን ስጽፈው ግን ሳቄ መጣ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5። ማታ

ከቤቴ ብዙ የማይርቅ የጦር መሣሪያ ሱቅ ሄድሁ። ባለቤቱ ሽማግሌ ቦር፣ የዚህ አገር ነጭ ነው፤ ሁሉም ኡም ይለዋል፣ አጎቴ እንደማለት። እኔን ሜቭሮው ይለኛል፣ እመቤት።

ሽጉጤ ባዶ መሆኗን እሱ አየ፣ እኔ አየሁ፣ እንደገና እሱ አየ። ከዚያ ሦስት መብራት ደረደረ።

አንደኛው ኃይለኛ ነው፤ ብርሃኑ ከመንገዱ ማዶ ይደርሳል። ግን ትልቅ ነው። ከአፈሙዙ አልፎ ወጥቶ ሽጉጧን ሌላ ሽጉጥ አደረጋት። ባኪው ውስጥ ስቀመጥ ሆዴን ይወጋኛል፣ ሹራቤም አይሸፍነውም። የሚደበቅ ነገር ካልተደበቀ ምን ይሠራልኛል። ተወው።

ሁለተኛው ርካሽ ነው። ለእህትህ ልጅ ትሸጥላት ነበር ወይ? ብዬ ጠየቅሁት። እኔንም ደንበኞቼ እንዲህ ሲሉኝ ነው የሚይዙኝ። ኡም አየኝ፣ መልሶ ከጠረጴዛው ሥር ከተተው። ከጥቂት ተኩስ በኋላ እየላላ ይወድቃል አለ።

ሦስተኛው የአውራ ጣቴን የሚያህል ነው። ከአፈሙዙ እኩል ያልቃል። ይኸው ዓይነት በሁለት መልክ አለ፤ አንዱ በስልክ ገመድ ይሞላል፣ አንዱ የባትሪ ድንጋዩ ይቀየራል። ገመዱ ቀላል ነው፣ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር የማይሞላ መብራት ምን ያደርግልኛል። ድንጋይ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። የድንጋዩን ወሰድሁ። ማብሪያዋን ሞከርሁ። ጣቴ አጭር ነው፣ ቢሆንም አያያዜን ሳልለቅ ደረሰ። ይህ ነው የቈረጠልኝ። በጨለማ ማብሪያ የሚፈልግ ጣት አልፈልግም።

የድሮው ማኅደር አይበቃትም። አዲስ፣ ለሁለቱም ተብሎ የተቀረፀ፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ካልገዛሽ መብራቱን አልሸጥልሽም አለ። በዚህስ ልክ ነው፣ ገዛሁ።

ከዚያ የእጅ ባትሪ አምጥቶ ጎኑ አስቀመጠ። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት፤ ያኛው አፈሙዙ የሚያየውን ብቻ ነው የሚያየው፣ ማን እንደሆነ የምታውቂው በዚህ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ይህን ዘዴ አውቀዋለሁ። ዳቦ ለሚገዛ ሰው ቺፕስ የማስጨምረው እኔ ነኝ። ባትሪውን ከሒሳቡ አስወጣሁት፣ በሰበቡም ከቀረው ላይ አስቀነስሁ። ኡም ራሱን ነቀነቀ።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በዚህ ሳምንት የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7። ከሰዓት በኋላ

ተኩስ መለማመጃ ነበርሁ። መብራቷ አልላላችም። ጥግ ያለው ወረቀት ፊቱ ቦግ ይላል።

ቤት ገብቼ ጥይቱን ሌላ ክፍል ካዝና ውስጥ ቆለፍሁ፣ ባዶዋን ያዝሁ፣ መኝታ ቤቱን አጨለምሁ። ማብራት፣ ማጥፋት። ቁም ሣጥን። መጋረጃ። በር። ቀጥሎ ብርሃኑ የእመቤታችን ሥዕል ላይ አረፈ። ቶሎ አጠፋሁ። ባዶ ናት፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ለማየት ብቻ አፈሙዝ የደገንሁት በማን ላይ እንደሆነ ሳስብ አማተብሁ። የእጅ ልምምድ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ።

ትናንት ነጩ መኪና አልነበረም። አለመኖሩም አስጨነቀኝ። ሌላ ቦታ ተደብቆ ይሆን?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10። ከጠ. 3 ሰዓት

ሒሳብ የለም። አልቆጠርሁም።

ጨለማ ነው። ባኪውን አቆማለሁ። ነጩ መኪና ጥጉ ላይ አለ። የመጀመሪያውን የዳቦ ሣጥን አነሣለሁ። በሩ ላይ እደርሳለሁ። ተስፉ! እላለሁ። ዝም። ሦስተኛውን እየጠበቀ ነው፣ አውቃለሁ። በግድግዳው ጎን የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። ብረት ብረትን ይነካል። ሣጥኑን እለቀዋለሁ።

እንደተለማመድሁት ነው። ሹራብ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ወገብ፣ ጣት ወደ ማብሪያ። ቦግ።

ጎጎ ታንዲ።

በሌሊት ልብሷ፣ ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ፣ ባልዲ በእጇ። ውሃ ቀን ቀን ይጠፋል፣ ሊነጋ ሲል ይመጣል፤ ከቧንቧዋ ልትቀዳ ወጥታ ነው። ዓይኗን ጨፍና አንድ መዳፏን ወደ እኔ ዘርግታለች። ብርሃኑ ደረቷ መሀል ላይ ነው። ከብርሃኑ ኋላ ያለው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጣቴ ምላጩ ላይ አልነበረም። ኡም ሱቁ ውስጥ እንዳስተማረኝ በጎን ተዘርግቶ ነበር። ዛሬ በትክክል ያደረግሁት ይህን ብቻ ነው።

አጠፋሁ። ባሰ። ሁለታችንም ዕውር ሆንን። ባልዲው ወደቀ፣ ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገባ። ጎጎ መጮኽ ጀመረች፦ «ቴስፉ! ቴስፉ! ቴስፉ!»

«አቤት!» አለ ተስፉ ከውስጥ። ሦስት ሆኖለት።

በሩ ተከፍቶ የሱቁ ፋኖስ ወጣ። ዳቦው ጭቃ ላይ። ሽጉጧን ወደ ማኅደሯ መልሻለሁ። ይቅርታ አልሁ፣ በእንግሊዝኛ፣ በዙሉ፣ መጨረሻ ላይ በአማርኛ። ጎጎ ቀስ ብላ ተናገረች። የውጭ ሰው ሱቅ ሲዘረፍ በነበረ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲመጣ፣ በሯ ላይ የቆመችው መጥረጊያ ይዛ ነው። ሱቁ የእኔ ነው ብላ መለሰቻቸው። «እኔ በመጥረጊያ ቆሜልሽ፣ አንቺ በገዛ ቧንቧዬ ላይ በዚህ ትመጪብኛለሽ?» አለችኝ። ገባች። በሯን ቆለፈች።

ፖ/ጣቢያ እሄዳለሁ አላለችም። አልሄድምም አላለችም። ያለ ምክንያት ሰው ላይ መደገን እዚህ አገር ወንጀል ነው። ፈቃዴ ይሄዳል። ግቢው ከሄደ ሱቁ ይሄዳል፣ የተስፉም ማደሪያ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አሰላሁት። ስሌቱ ሲያልቅ መዳፏ አሁንም ከፊቴ ተዘርግቷል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11። ከጠ. 4 ሰዓት

ዳቦ ሃምሳ ገባ፣ አሥራ ሁለት ቀረ። ጎጎ ዳቦ ልትወስድ አልመጣችም። መጋረጃዋ ተዘግቷል። ፖሊስ አልመጣም። መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቴ ይዞራል።

ሽጉጧን ቤት ካዝና ውስጥ ትቼ መጣሁ። ራቁቴን የቆምሁ ያህል ተሰማኝ።

ተስፉ ከትናንት ጀምሮ ዓይኔን አያይም። በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ብል ኖሮ አትደነግጭም ነበር ይላል። እውነት ነው፤ ግን እሱ ላይ አልጭነውም። ከእንግዲህ ትመልሳለህ አልሁት። በአፌ አልችልም አለ፣ ይህን ያስተማሩት እናቱ ትዝ ብለውት። ብዙ ተደራደርን። መጨረሻ ላይ በመጀመሪያው ጥሪ ከውስጥ ቆርቆሮውን ሁለት ጊዜ ሊመታ ተስማማ። «ቆርቆሮ ነፍስ የለው፣ ማን ይወስድበታል» አለ። በዚህ አገር ከተዋዋልሁት ውል ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ነው።

ነገ ጎጎ ዘንድ እገባለሁ። ወተትና ስኳር ልይዝ አልሁ። ተስፉ ከለከለኝ፤ በባዶ እጅሽ ሂጂ፣ አፍ መዝጊያ ይመስላል አለ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12። ማታ

ሚካኤል ነው። በባዶ እጄ ገባሁ።

አስቀመጠችኝ። የታችኛው መንገድ ባለሱቅ ክንዷ መሰበሩን ነገርኋት፣ ከባኪው እስከ በሩ ያለውን ነገርኋት፣ ነጩን መኪና ነገርኋት። ይህን ስል ቀና አለች። የትኛው ነጭ መኪና? ት/ቤቱ ጥግ የሚቆመው? እጇን በእጇ መታች።

ሲፖ ነው አለች፤ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ልጅ። ሆስፒታል የሚሠሩትን ሴቶች እየሰበሰበ ያደርሳል። መብራቱን የሚያጠፋው የተኙትን እንዳይቀሰቅስ ነው። «በየቀኑ ዳቦ ይገዛሻል እኮ፣ ሲሲ፣ እህቴ! ቡናማውን። ማይ ፍሬንድ ትይዋለሽ፣ ማይ ፍሬንድ ይልሻል። ስሙን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

ቡናማውን፣ የተቆራረጠውን፣ ሁልጊዜ ዝርዝር ሳንቲም ይዞ። አወቅሁት። ስሙን አላውቅም ነበር። ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ወዲያና ወዲህ ሁላችንም ማይ ፍሬንድ ነን።

ፖሊስ ዘንድ አትሄድም። አልረሳውም ግን አለች፣ ደግማ። ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። ስመጣ ከበሩ ላይ የእሷንም ስም ልጥራ። ደግሞ ያን የመሰለ ብርሃን የምገዛበት አቅም ካለኝ ለምን ግድግዳዋ ላይ አላደርገውም? ዕድሜዋን ሙሉ በጨለማ ውሃ ቀድታለች።

ስወጣ ከኋላዬ ዳቦ እንዳልበላች ነገረችኝ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። ነጩን ዳቦ አመጣሁላት። ከፈለችኝ። ተቀበልሁ፤ ባልቀበል ትቆጣ ነበር።

ማታ ሽጉጧን ባዶ አድርጌ መብራቷን ፈታሁ። እንከን የላትም። መጠኗም፣ ማብሪያዋም፣ ድንጋይዋም እንደመረጥኋት ናት። እኔ የፈለግሁት ግን በሩ ላይ ማን እንደቆመ ማወቅ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ኡም ሌላ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። መብራቷን ካዝና ውስጥ አኖርኋት። ኡም በጨለማ የሚያሠለጥን ሰው ያውቃል፤ ከእሱ ተምሬ እስክጨርስ እዚያው ትቆያለች። የድሮው ማኅደር ወጣ።

ነገ ዓርብ። ከዳቦው በኋላ፦ ኡም ዘንድ፣ የእጅ ባትሪ አንድ፣ ሳልከራከር። ከሃርድዌር ቤት በፀሐይ የሚሠራ መብራት ሁለት፤ አንዱ ለሱቁ በር፣ አንዱ ለጎጎ ቧንቧ። መሰላል በውሰት፣ ከሲፖ።